ጎማ የሚበላው ኮሮላ፦ ሞላ ከተቆረጠ በኋላ አላይመንት የማስተካከል አንድ ጉዳይ

ባለፈው ዓመት መጨረሻ አካባቢ አንድ ወጣት ኮሮላውን ይዞ ወደምሠራበት ጋራዥ መጣ። የመጣው ለአላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና አቋቋም ለማስተካከል) አልነበረም። «ጋሼ፣ ጥሩ ጎማ የት ነው የሚሸጠው? የምገዛው ሁሉ ወዲያው ያልቅብኛል» ነበር ያለኝ። ጎማ ሻጮቹ አሮጌ ዕቃ እየሰጡ የሚያታልሉት መስሎት ነበር። እኔ ግን መኪናው ግቢ ሲገባ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የፊት ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ጋደል ብለዋል፣ መሪው ደግሞ መኪናው ቀጥ ብሎ እየሄደ ወደ ግራ ዞሯል።

ጉዳዩን የምጽፈው ሁለት ነገር ስለተማርኩበት ነው። አንዱ ባለቤቱ የተሳሳተበት ነው፣ ሌላው ደግሞ እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት። የማንንም ስም አልጠቅስም።

## መኪናውና የተሠራበት ነገር

መኪናው እ.ኤ.አ. የ2003 ሞዴል ኮሮላ ነው። የፊት እግሩ ማክፈርሰን የሚባለው ዓይነት ነው፤ ሞላውና ሾክአብዞርበሩ አንድ ላይ ተሰክተው ይቆማሉ፣ ከታች ደግሞ አንድ ክንድ ይይዛቸዋል። ከኋላ ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኝ አንድ ወጥ ብረት አለው። ይህን ያነሳሁት አላይመንት ላይ ምኑ እንደሚስተካከልና ምኑ እንደማይስተካከል የሚወስነው እሱ ስለሆነ ነው።

ልጁ መኪናውን ሲገዛ ቁመቱን አልወደደውም። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ያለው ክፍተት አስጠላው። ጓደኛው አንድ ቦታ ወሰደው፣ ከሰዓት በኋላ ባለች ግማሽ ቀን ከፊት ሞላዎቹ አንድ ዙር ገደማ፣ ከኋላዎቹ ደግሞ ትንሽ ያነሰ በግራይንደር ተቆርጦ ተመልሶ ተገጠመ። ደግነቱ በጋዝ እሳት አልቆረጡትም፤ እሳት የሞላውን ብረት ባሕርይ ያበላሸዋል፣ ውሎ አድሮ ይተኛል ወይም ይሰበራል። በግራይንደር መቆረጡ ከዚያ ይሻላል፣ ግን ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። ስድስት ዙር የሚሠራ ሞላ አንዱ ዙር ቢቆረጥ ጥንካሬው በአንድ አምስተኛ ይጨምራል። መኪናው ዝቅ ብቻ አይልም፣ ይደርቃልም። በክሪክ ሲነሳ ደግሞ ሞላው ከመቀመጫው ላልቶ ይንቀጫቀጫል።

«ከዚያ አላይመንት አስደረግህ?» አልኩት።

«አላስፈለገም አሉኝ ጋሼ። ሞላ ብቻ ነው የተነካው፣ ቴስቲና አልተፈታም አሉ።»

ይቺን አባባል ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ቴስቲና ጎማውን የሚያዞረው የመሪ ዘንግ ጫፍ ነው። ነገሩ እውነት ይመስላል፤ የመሪውን ዘንግ ርዝመት ማንም አልነካውም። ግን መኪናው ዝቅ ሲል የታችኛው ክንድም የመሪው ዘንግም ከነበሩበት አንግል ይነሳሉ፣ ርዝመታቸውና የታሰሩበት ቦታ አንድ ስላልሆነ ደግሞ እኩል አይሄዱም። አንዱ ጎማውን ይጎትታል ሌላው ይገፋል። ቡሎን ሳይፈታ አላይመንቱ ይቀየራል።

## እስከ እኛ ድረስ የደረሰው እንዴት ነው

ሞላው በተቆረጠ በ4,000 ኪሎ ሜትር ውስጥ ግማሽ ዕድሜ የነበራቸው የፊት ጎማዎች በውስጥ ጠርዛቸው ሽቦ አወጡ። ከውጭ ሲታዩ ጥርሳቸው ደህና ነው፤ ያወቀውም ጎሚስታ ጋ ለፓንቸር ሄዶ ጎማው ሲፈታ ነው። ዝቅ ያለ መኪና ላይ ክፉው ነገር ይህ ነው፤ የሚበላው ጎን አይታይም። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙራችሁ ጎንበስ ካላላችሁ በቀር ጎማው እስኪፈነዳ አታውቁም።

ሁለት አዲስ ጎማ ገዛ። በዚያው ወደ አንድ አላይመንት ቤት ሄደ። ባለማሽኑ «ካምበሩ ነው የሚበላብህ፣ ይሄ መኪና ደግሞ ካምበር ማስተካከያ የለውም» ብሎ ቶውን ብቻ ነካክቶ ለቀቀው፤ ካምበርና ቶው ምን እንደሆኑ ወረድ ብዬ እናገራለሁ። የግራው ዘንግ ዳዶ በዝገት ስለተያዘ ያስተካከለው በቀኝ በኩል ብቻ ነው። በአንድ በኩል ብቻ ሲስተካከል መሪው ይዞራል፤ ስለዚህ መሪውን ነቅሎ ቀና አድርጎ መልሶ ገጠመው! የመለኪያ ወረቀት አልሰጠውም፣ ልጁም አልጠየቀም። ስለዚህ ያን ቀን ማሽኑ ምን እንዳነበበ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

ከ3,000 ኪሎ ሜትር በኋላ አዲሶቹም በውስጥ በኩል ግማሽ ለግማሽ ሄደዋል። እኛ ጋ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። መኪናው ወደ ቀኝ ይጎትታል፣ ቀና ተደርጎ የነበረው መሪም ተመልሶ ወደ ግራ ዞሯል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ መሪው እጅ ላይ ይቅበጠበጣል።

## ካምበር ወይስ ቶው

ካምበር ማለት ጎማው ከፊት ሆናችሁ ስታዩት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጋደሉ ነው። ቶው ደግሞ ከላይ ብታዩት ሁለቱ ጎማዎች እንደ እግር ጣት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መጠቆማቸው ነው። መኪና ዝቅ ሲል ካምበር ወደ ውስጥ ይጋደላል፤ ይሄ ለዓይን ስለሚታይ ሁሉም ሰው እሱን ይከሳል። ቶው ግን በዓይን አይታይም፤ የሚሊ ሜትር ነገር ነው።

ሁለቱም የውስጡን ጠርዝ ሊበሉ ስለሚችሉ አሳሳቾች ናቸው። የሚለዩት በእጅ ነው። መዳፋችሁን በጎማው ጥርስ ላይ አግድም ሂዱበት። ካምበር የበላው ጎማ ለስላሳ ሆኖ ወደ አንድ ጎን ያዘቀዘቀ ነው። ቶው የበላው ደግሞ በአንድ አቅጣጫ ሲዳሰስ ልስልስ ይላል፣ በተቃራኒው ሲዳሰስ እንደ መጋዝ ጥርስ እጅ ይይዛል። የልጁን ጎማ ዳሰስኩት፤ እጄን ያዘኝ። ራሱም እንዲዳስሰው አደረግኩ።

ሒሳቡን ላስቀምጠው፣ ምክንያቱም ሰው ቁጥር ካላየ አያምንም። ምንም ሳንነካ ማሽን ላይ ስናስለካው ሁለቱ ጎማዎች ተደምረው ወደ ውጭ 0.52 ዲግሪ ተከፍተው ነበር። በዚህ ጎማ (195/60 በ15፣ ዲያሜትሩ 615 ሚሊ ሜትር ገደማ) ይህ 5.6 ሚሊ ሜትር ነው። ምን አላት ትሉ ይሆናል። መኪናው ቀጥ ብሎ ሲሄድ ሁለቱ እኩል ስለሚካፈሉት ለእያንዳንዱ ጎማ 0.26 ዲግሪ ይደርሰዋል። ያ ማለት በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ጎማው 4.5 ሜትር ያህል በጎኑ እየተፋቀ ይሄዳል። በፈጣኑ መንገድ ከአዲስ አበባ አዳማ ደርሶ ለመመለስ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ እያንዳንዱ የፊት ጎማ ከ750 ሜትር በላይ አስፋልት ላይ በጎኑ ተጎትቷል ማለት ነው። ካምበር ብቻውን እንዲህ አያደርግም፤ 1.5 ዲግሪ የተጋደለ ጎማ ቶው ትክክል ከሆነለት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ግን አብዛኛው ሸክም በውስጡ ጠርዝ ላይ ያርፋል፣ ያው ጠርዝ ደግሞ በጎኑ ይፋቃል።

## ከማሽኑ በፊት የተሠራው

ልጁ በቀጥታ ማሽን ላይ ወጥቶ እንዲስተካከልለት ነበር የፈለገው። አስለካነው፣ ማስተካከሉን ግን እምቢ አልኩት። ማሽን የሚለካው በዚያች ደቂቃ የቆመበትን ነው፤ ላላ ያለ ዕቃ ያለበትን መኪና አላይመንት ማድረግ በሚነቃነቅ ወንበር ላይ ቆሞ ግድግዳ እንደመለካት ነው።

መጀመሪያ የአራቱንም ጎማ ነፋስ በሩ ላይ በተለጠፈው ልክ አደረግን። ከዚያ ሜትር ይዤ ከቸርኬው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካሁ። ግራ ፊት 322 ሚሊ ሜትር፣ ቀኝ ፊት 335። ልዩነቱ 13 ሚሊ ሜትር ነው። ግቢ ውስጥ የቆመ ሌላ ያልተነካ ኮሮላ ስለነበር እሱን ለካሁት፤ 374። ሞላው ሲቆረጥ በዓይን ነው የተገመተው ማለት ነው፣ አንዱ ከሌላው የትንሽ ጣት ስፋት ያህል አጥሯል። ግራው ዝቅ ስላለ የግራው ካምበርም የበለጠ ይጋደላል፤ መኪና ደግሞ ካምበሩ ወደ ቀናው ጎን ነው የሚጎትተው፣ እዚህ ላይ ወደ ቀኝ። የእኛ አገር መንገድ ለውኃ መፍሰሻ ወደ ቀኝ ዳር ያዘቀዝቃል፤ ያም ተጨመረበት።

ቀጥሎ በክሪክ አነሳነው። ጎማውን ግራና ቀኝ ይዤ ስነቀንቀው የግራው ቴስቲና ጫወታ አለው፣ በእጅ ይሰማል። ከላይና ከታች ይዤ ስነቀንቀው ግን ኩሽኔታውም ቦል ጆይንቱም ደህና ናቸው። የታችኛው ክንድ የኋላ ጎሚኒ (ክንዱ ከመኪናው ጋር የሚታሰርበት ጎማ) በሁለቱም በኩል ተቀዷል። ፍሬን ሲያዝ መሪው የሚቅበጠበጠው ለዚህ ነበር፤ ፍሬን ክንዱን ወደ ኋላ ሲገፋው ጎሚኒው መያዝ ስላቃተው ቶው በዚያች ቅጽበት ይቀየራል። ሾክአብዞርበሮቹ ዘይት አፍስሰዋል። አዲስ አበባ ላይ በየሰፈሩ ያለውን ጉብታና ኮብልስቶን በአጠረ ሞላ ሲሄዱበት ሾኩ በየጊዜው መጨረሻው ላይ ስለሚመታ አይገርምም።

እዚህ ላይ ለልጁ ሁለት ምርጫ አቀረብኩለት። አንዱ ወደ ፋብሪካው ሞላ መመለስ። እኔ ብሆን ይህን ነበር የማደርገው፣ በዚህ ከተማ መንገድ መኪና ዝቅ ማድረግ ለእኔ ገንዘብ ከፍሎ ጭንቀት መግዛት ነው። ሌላው ለዚህ መኪና ዝቅ እንዲል ተብሎ የተሠራ፣ አራቱም ተመዛዝኖ የወጣ ሞላ መግዛት። እህቱ ዱባይ ስላለች ሁለተኛውን መረጠ፤ ፊቱን 30 ሚሊ ሜትር፣ ኋላውን ደግሞ ትንሽ ያነሰ ዝቅ የሚያደርጉ አራት ሞላዎች በሻንጣ መጡለት። ሾክአብዞርበር፣ ቴስቲናና ጎሚኒ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ገዛን።

አንድ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ጋራዥ ይህን ይዘለዋል። የታችኛው ክንድ ጎሚኒ ከውስጥ ብረቱ ጋር የተጣበቀ ጎማ ነው፤ አይሽከረከርም፣ ይጠመዘዛል። ቡሎኑን መኪናው ተሰቅሎ፣ እግሩ ተንጠልጥሎ እያለ ካጠበቃችሁት ጎሚኒው በዚያ ቦታ ይታሰራል፤ መኪናው መሬት ሲወርድ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቀመጣል። ያ ጎሚኒ ዕድሜ የለውም። ቁመቱንም ትንሽ ከፍ አድርጎ ያሳያችኋል፣ ከዚያ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ አላይመንቱም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ቡሎኖቹን በእጅ ብቻ አስይዘን መኪናውን ጎማው ላይ አቆምነው፣ ፊቱን ደጋግመን ተጭነን አወዛወዝነው፣ ከዚያ ነው ከሥር ገብተን ያጠበቅነው።

የተያዘው የግራ ዘንግ ዳዶ ዝገት መፍቻ ተነፍቶበት አደረ፤ ጠዋት ላይ በቀላሉ ተፈታ። ለዚህ ነበር መሪ የተነቀለው።

## መሪውን ወደ ቦታው መመለስ

መሪውን የነቀለው ሰው አንድ ሌላ ችግር ትቶ ነበር የሄደው። መሪው ቀና ሲደረግ ከሥሩ ያለው የመሪ ሳጥን ግን መሃሉ ላይ አልነበረም። ይህን ያወቅነው ከጫፍ እስከ ጫፍ በማዞር ነው፤ ከቀናው ቦታ ወደ ግራ የሚዞረውና ወደ ቀኝ የሚዞረው እኩል አልነበረም። ባትሪው ተፈትቶ ለጥቂት ደቂቃ ከቆየ በኋላ (መሪው ላይ ኤርባግ አለ፣ ይህን ጉዳይ በቀልድ አትዩት) መሪው ተነቀለ፣ የጠቅላላው ዙር ግማሽ ተቆጥሮ ሳጥኑ መሃል ላይ ሲሆን መሪው ቀና ሆኖ ተገጠመ። ከዚህ በኋላ መሪው ቢዞር የሚስተካከለው በዘንጎቹ ነው፣ በሁለቱም በኩል እኩል። መሪ መንቀል የአላይመንት ሥራ አይደለም።

አላይመንት ቤቱ ከእኛ ራቅ ስለሚል እዚያ እስኪደርስ አዲስ ዕቃ እንዳያበላሽ ቶውን ጋራዥ ውስጥ በግምት አስያዝነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የሁለቱም የፊት ጎማዎች መሃል ላይ፣ ከፊት በኩል በቸርኬው መሃል ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት ታደርጋላችሁ፣ በምልክቶቹ መካከል ያለውን ርቀት ትለካላችሁ። መኪናውን ወደ ፊት ገፍታችሁ ያው ምልክት ከኋላ በኩል በዚያው ከፍታ ሲደርስ እንደገና ትለካላችሁ። የሁለቱ ልዩነት ቶው ነው። ያው ምልክት ሁለት ጊዜ ስለሚለካ ቸርኬው ጠማማ ቢሆንም አያሳስትም። ማሽን አይተካም፣ ግን መንገድ ላይ ያደርሳል።

## ማሽኑ ላይ

በነገራችን ላይ ከላይ የጠቀስኩት 0.52 ዲግሪ ምንም ሳንነካ አስቀድመን ያስለካነው ነው። ያን ቀን ካምበሩ ግራ ከዜሮ በታች 2.1፣ ቀኝ ከዜሮ በታች 1.5 ነበር።

ዕቃው ከተቀየረ በኋላ መኪናው 500 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲነዳ አደረግን። አዲስ ሞላና ጎሚኒ ይቀመጣሉ፤ በገጠሙበት ቀን የሚደረግ አላይመንት ግማሹ ልፋት ነው። ተመልሶ ሲመጣ ቁመቱ ግራ 343፣ ቀኝ 345 ሆኖ ነበር። ይህ የሚታለፍ ልዩነት ነው።

በካሜራ የሚሠራ ማሽን ነው። ባለማሽኑ ጥሩ ልጅ ነው፣ ወንድሜ እያልኩ ሁሉንም ጠየቅኩት፣ አልሰለቸም። ከኋላ ጀመርን። የኋላው ወጥ ብረት ስለሆነ በዚህ መኪና ላይ በቁልፍ የሚስተካከል ነገር የለውም፣ ግን የኋላ ጎማዎች የሚጠቁሙበት አቅጣጫ መኪናው የሚሄድበትን ስለሚወስን ሳያዩት ፊቱን መንካት አይገባም። ደህና ነበር። ቢበላሽ ኖሮ በብረቱና በጎማው መያዣ መካከል ቀጭን ሉህ ማስገባት ነበር ያለው መንገድ።

ካስተር (ጎማው የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ መጋደሉ) በሁለቱም በኩል ተቀራራቢ ነው፣ አልፈነው። ካምበር ግራ ከዜሮ በታች 1.4፣ ቀኝ 1.0 ወጣ። «ይሄ መኪና ካምበር ማስተካከያ የለውም» የተባለው ከፋብሪካ ሲወጣ ማለት ከሆነ እውነት ነው። ግን ሾክአብዞርበሩን ከጎማው መያዣ ጋር ከሚያስሩት ሁለት ቡሎኖች አንዱን ወገቡ በቀጠነ ወይም ባፈነገጠ ቡሎን መቀየር ይቻላል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አለ። አንዳንድ ቦታ ይህን ከመግዛት ቀዳዳውን በሞረድ ያሰፉታል። እኔ አላደርገውም፤ ጎማ የተንጠለጠለበት ብረት ላይ ሲሆን ቁጠባ አይሆንልኝም። በግራ በኩል አንድ ቡሎን ቀየርንና 1.1 ላይ አመጣነው። ወደ ፋብሪካው ቁጥር ልመልሰው አልሞከርኩም። ዝቅ ላለ መኪና 1 ዲግሪ አካባቢ ችግር የለውም፤ ዋናው ግራና ቀኙ መቀራረቡ ነው።

ቶው በመጨረሻ ነው። ካምበር ሲነካ ቶው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ስለዚህ ቶውን አስቀድሞ የሚያስተካክል ሰው ሁለት ጊዜ ይሠራል። መሪው ቀና ሆኖ ታሰረ፣ ሁለቱም ዘንጎች እኩል ተስተካከሉ፣ ድምሩ ወደ ውስጥ 0.10 ዲግሪ ላይ ተያዘ፤ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ማለት ነው። ወረቀቱ ታተመ፣ ከሥራ በፊትና በኋላ ያለው ቁጥር ጎን ለጎን።

## የኔ ስህተት

በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከ200 ኪሎ ሜትር በኋላ ልጁ ደወለ። «ጋሼ፣ መሪው ተመልሶ ዞረ።»

መጀመሪያ አላመንኩትም። ማሽን ላይ ስንመልሰው የግራው ካምበር 1.1 የነበረው 1.6 ሆኗል፣ ቶውም አብሮ ሄዷል። ቀጭኑ ቡሎን ተንሸራቷል። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ወገቡ የቀጠነ ቡሎን ቀዳዳውን አይሞላም፣ ቦታውን የሚይዘው በመጥበቁ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ አሮጌውን ዳዶ ደግሜ ተጠቀምኩ፣ በነፋስ ማጥበቂያ «ጠብቋል» እስክል አጠበቅኩ፣ በሾኩና በመያዣው መካከል የነበረውን አዲስ ቀለም ሳልፍቅ። አንድ ጉድጓድ በቂው ነበር። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ የሚለው ኩራት ነው ያሳሳተኝ፤ የልጁን ጊዜና የአላይመንት ገንዘብ እኔ ከፈልኩ።

ሁለተኛ ጊዜ ቀለሙን ፍቀን፣ አዲስ ዳዶ ገዝተን፣ ከቡሎኑ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ በተጻፈው ልክ በቶርክ ሬንች አጠበቅን። ሁሉም ሲያልቅ በቡሎኑ ራስና በብረቱ ላይ የሚያልፍ አንድ መስመር በነጭ ቀለም ቀባሁ። ቡሎኑ ከዞረ መስመሩ ይሰበራል፤ ጎማ ሳይፈታ ጎንበስ ብሎ ማየት ይቻላል። እስከ ዛሬ አልተሰበረም።

## ከዚያ በኋላ

አዲስ ሁለት የፊት ጎማዎች ገባለት። ከ6,500 ኪሎ ሜትር በኋላ ጥርሱን በሦስት ቦታ ለካሁ፤ ግራ ፊት ከውስጥ 6.5፣ ከመሃል 6.8፣ ከውጭ 6.8 ሚሊ ሜትር። ቀኙም ከዚህ አይርቅም። የውስጡ ትንሽ ቀድሟል፣ ያ የካምበሩ ድርሻ ነው፤ በየተወሰነ ጊዜ የፊቱን ከኋላው በመቀያየር ይቻላል። መጎተቱ ጠፍቷል። ፍሬን ላይ መቅበጥበጡም እንዲሁ።

ያልተፈታም አለ። አራት ሰው ሲጫን የኋላው ጎማ ጉብታ ላይ ፕላስቲኩን ይነካል። አንዳንድ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለው ጉብታ አሁንም ሆዱን ይፍቀዋል። መኪናው ዝቅ ስላለ ደግሞ ጎማው በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ከፋብሪካው የበለጠ ቶው ይለዋውጣል፤ ይህን የትኛውም ማሽን አያጠፋውም፣ ማሽኑ የሚያስተካክለው የቆመን መኪና ነው። መብራቱም ረስተነው ነበር። ፊቱ ከኋላው የበለጠ ስለወረደ የፊት መብራቱ ቅርብ መሬት ላይ ይወድቅ ነበር፤ ማታ ከአዳማ ሲመለስ ነው ያስተዋለው፣ በማግስቱ ተስተካከለ።

## ለሌላ መኪና የሚሆነው

የመኪናው ዓይነት ቢለያይም ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ ነፋስ፣ ቁመት፣ የላላ ዕቃ፣ ከዚያ ማሽን፤ ማሽኑም ላይ ከኋላ ወደ ፊት፣ ካምበር ከዚያ ቶው። የግራና የቀኝ ቁመት ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ከተለያየ እኔ አላይመንት አልጀምርም። የኋላ እግራቸው በክንዶች የተሠራ መኪኖች ላይ ከኋላም የሚስተካከል ቶው ስላለ፣ እንደዚህ ኮሮላ በዝምታ አይታለፍም፤ ዝቅ ሲሉ የኋላ ጎማቸው ነው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚበላው።

ቁመት በተነካ ቁጥር፣ 10 ሚሊ ሜትርም ብትሆን፣ አላይመንት ይደገማል። «ቴስቲና አልተፈታም» የሚላችሁን ሰው ጎማ ላይ መዳፉን እንዲያሳልፍ አድርጉት።

ካምበርን የሚከስ ባለሙያ ሲገጥማችሁ የቶውን ቁጥር ጠይቁት። ወረቀት የማይሰጥ አላይመንት ቤት ደግሞ ቢቀር ይሻላል፤ የልጁ የመጀመሪያ ወረቀት ኖሮ ቢሆን ሁለተኛው ጥንድ ጎማ ባልተበላም ነበር፣ ምክንያቱም የግራው ዘንግ እንዳልተነካ ወረቀቱ ላይ ወዲያው ይታይ ነበር።

ልጁ አሁን ወረቀቱን ከሊብሬው ጋር ይዞት ይዞራል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደውሎ «ጋሼ፣ ሌላ 15 ሚሊ ብቻ ብቀንስስ?» አለኝ። ሜትር ይዘህ ቅዳሜ ና አልኩት።